ጤና አዳም በቆዳ ላይ፦ ከማጣፈጫነት እስከ ቅባትነት



ጤና አዳም በወላይታ ጓሮ የተለመደ ተክል ነው። ቅጠሉ በቡና ይጠጣል፤ ከዳጣ ጋር ይፈጫል፤ ሆዱን ለቆረጠውም ይሰጣል። አልፎ አልፎ ተወቅጦ ቆዳ ላይ ይደረጋል፤ የዛሬው ጉዳያችን ይህ የመጨረሻው ነው። ጭማቂው አንዳንድ ተህዋስያንን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ በመታየቱ «ለምን የቆዳ ቅባት አናደርገውም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የተክሉ ታሪክ ግን ጥንቃቄ ያስተምራል።

ሊኔየስ በ1767 እ.ኤ.አ. «ሩታ ካሌፔንሲስ» ሲል በሶርያዋ ሐለብ ሰየመው። የዘመዶቹን ጠባይ ግን ዲዮስቆሪዶስ በአንደኛው ምእት ዓመት ጽፎት ነበር፤ የዱሩን ዝርያ የሚለቅሙ ሰዎች ቆዳቸው እየቀላ ስለሚያብጥ አስቀድመው ፊትና እጃቸውን ይቀቡ እንደነበር ይነግረናል። (የዘመናችን የመዋቢያ አምራች ይህን ቢያነብ ምን ይል ይሆን?) ምክንያቱ የተገለጠው ግን ዘግይቶ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ቤርጋፕቴንን የመሰሉ ፉራኖኩማሪኖች አሉ፤ ቆዳ ላይ ሳሉ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ከሕዋሱ ዲ ኤን ኤ ጋር ይጣበቃሉ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ጥቁር ምልክትም ይቀራል። ይኸው ኃይል በልኩ ሲያዝ መድኃኒት ሆኗል፤ ግብፃዊው ሐኪም ኤል ሞፍቲ በ1940ዎቹ ከሌላ ተክል የተገኘ ፉራኖኩማሪንን ከፀሐይ ብርሃን ጋር ለለምጽ ሕክምና አውሎታል።

ለወላይታ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ገበሬው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል፤ ብዙዎችም እግራቸው ቀድሞውኑ ታሟል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ፣ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ «ፖዶኮኒዮሲስ» ያለው በሽታ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በዞኑ ከመቶ 5.46 ሰው ላይ ተገኝቷል። ናታን ባርሎው የተባለው ሐኪም በ1998 እ.ኤ.አ. በሶዶ የመሠረተው የዝሆኔ ሕክምና ፕሮጀክት የታማሚዎችን ቆዳ ያከመው ርካሽና ቀላል በሆኑ ነገሮች ነው፤ በየቀኑ በሳሙናና ተህዋስያን በሚገድል ውኃ መታጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። የተሰነጠቀ ቆዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ወዙን ጠብቆ አፈርን የሚከለክል ልባስ ነው። እንዲህ ባለ እግር ላይ ጥሬ የጤና አዳም ጭማቂ አድርጎ ወደ እርሻ መውጣት በቁስል ላይ ቃጠሎ መጨመር ነው።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል ጭማቂውን መመርመር የሚሻ ካለ፣ በተህዋስያን ሙከራ አይጀምር። የቤርጋሞት ዘይትን ለሽቶ የሚያዘጋጁ ሰዎች ቤርጋፕቴኑን ለይተው ያወጡታል፤ እናንተም መጀመሪያ ፉራኖኩማሪኑን ለዩ፤ ከዚያ የቀረው አሁንም ተህዋስያንን ይገታ እንደሆነ ፈትኑ።