ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስና ስለ ደራጎኑ ሥዕል

በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ደራጎኑን በጦር የሚወጋው የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት እጅግ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእመቤታችን ሥዕል አጠገብ ይገኛል። ነገር ግን በዚህ ሥዕል ላይ ከአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ዘንዶ ገዳይ ጀግና በአረማውያን ተረት አስቀድሞ የነበረ ከሆነ፥ ቤተ ክርስቲያን ከጣዖት ቤት ወሰደችውን? የሚል ነው። ለዚህም መልስ ለመስጠት አስቀድሞ ታሪኩን መመርመር፥ ኋላም ምሥጢሩን መጠየቅ ይገባል።

ባቢሎናውያን ማርዱክ ቲያማትን ገድሎ ሰማይንና ምድርን ከሥጋዋ ሠራ ይሉ ነበር። ጽርኣውያንም ፔርሴዎስ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስን ልጅ አንድሮሜዳን ከባሕር አውሬ እንዳዳናት ተረቱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ የታሰረችበትን ዓለት በኢዮጴ ባሕር ዳር ያሳዩ ነበር። በግብጽም ሆሩስ የሮማ ወታደር ልብስ ለብሶ፥ በፈረስ ተቀምጦ አዞ ሲወጋ በድንጋይ ተቀርጿል፤ ይህም በ4ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራ ቅርጽ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ይገኛል። የሰማዕቱ መቃብር ያለባት ልዳ ለኢዮጴ ቅርብ መሆኗን የሐዋርያት ሥራ 9ኛ ምዕራፍ ይናገራልና፥ የፔርሴዎስ ተረት ከሰማዕቱ ታሪክ ጋራ ተቀላቀለ የሚሉ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል።

ዳሩ ግን ቅርበት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክብር ከደራጎኑ ሥዕል ይቀድማል፤ በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለጣዖት አልሰግድም ብሎ መከራን የተቀበለ ሰማዕት ነውና። በጆርጂያ አገር የነበሩ የጥንት ሠዓልያን ከፈረሱ እግር በታች የሣሉት ከሐዲውን ንጉሥ ነበር፤ በንጉሡ ስፍራ ደራጎን መሣሉ ከ11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ እየበዛ ሄደ። ከዚህም የሚታወቀው ጨካኙ ንጉሥና ከበስተኋላው ያለው ጠላት በአንድ አምሳል መገለጣቸው ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ስለ እባቡ፥ ራእየ ዮሐንስም ስለ ታላቁ ዘንዶ ሲናገሩ ምሥጢሩን አስቀድመው ሰጥተዋል። አረማውያንም የአዳም ልጆች ናቸውና የጠላትን ፍርሃት ከአባታቸው ወርሰዋል፤ ድል የሚነሣውን ግን በስሙ አላወቁትም።

የኢትዮጵያ ሠዓልያን ይህን አምሳል ተቀብለው የራሳቸውን ሥርዐት አኖሩበት። ከደራጎኑ የዳነችውን ብላቴና ቢሩታዊትን በዛፍ ላይ ይሥሏታል። በቀድሞው ልማድ ደግሞ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይን፥ ከሐድያንና አጋንንት ግን በጐን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። ስለዚህ ጦሩ ወደ ደራጎኑ ሲወርድ፥ የሰማዕቱ ዐይን ብዙ ጊዜ የሚመለከተው በፊቱ የቆመውን ምእመን ነው።

ለቅኔ ሰው ታሪኩ ሰም፥ ምሥጢሩ ወርቅ ነው። ደራጎኑ ዲያብሎስ ነው፤ አንድም በሰው ልብ የተኛ ቂም፥ ስስትና ትዕቢት ነው። ብላቴናይቱ ቢሩታዊት ናት፤ አንድም በፍርሃት የተያዘች ነፍስ ናት። ፈረሱም በልጓም የተገራ ሥጋ ነው። ነቢዩ ናታን ለዳዊት የድኻውን በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ፥ ንጉሡ በሌላ ሰው ላይ የፈረደ መስሎት በራሱ ላይ ፈረደ። ሥዕሉም እንዲሁ ነው፤ ደራጎኑን በባልንጀራው ላይ ሊያይ የመጣውን ሰው የሰማዕቱ ዐይን ወደ ራሱ ይመልሰዋል።

እንግዲህ አሮጌ ሥዕል ያለ ጥንቃቄ በታደሰ ጊዜ፥ ወይም ከውጭ አገር በመጣ የታተመ ሥዕል በተተካ ጊዜ፥ የሚጠፋው ቀለም ብቻ አይደለም። ዐይኑ ከተመልካቹ ዘወር ያለ እንደ ሆነ ጥያቄውም አብሮ ይቀራል፤ ምእመኑ የጀግና ታሪክ አይቶ፥ ራሱን ሳይመረምር ይመለሳል። ስለዚህ ሥዕልን የሚያሳድስ ደብር ከሠዓሊው ጋራ ሊቃውንቱን ማማከር፥ ለልጆችም የዐይኑን ሥርዐት ማስተማር ይገባዋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።