መስከረም በአዲስ አበባ፡ እንግዳ ምን ይይ?

ከውጭ የሚመጡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «በጸደይ አዲስ አበባ ምን ይታያል?» ይላሉ። ሕግ የተማረ ሰው ከመልሱ በፊት ትርጓሜ ይፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው፤ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ደግሞ መፀው ይባላል። በተለምዶ ግን ብዙዎቻችን ጸደይ የምንለው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ነው። እኔም የምመክረው በዚሁ ወር መምጣትን ነው።

እንግዳው ከጳጉሜን ማብቂያ በፊት ቢገባ ይመረጣል። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ማታ በየደጁ ችቦ ይበራል። መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሴቶች ልጆች «አበባየሆሽ» እያሉ፣ ወንዶቹ በቀለም የሣሉትን ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። ዝርዝር ብር በኪስ መያዝ አይዘንጋ።

መስከረም 16 የደመራ ዕለት ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር መስከረም 26 ወይም 27 ላይ ይውላል። በዓሉን ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። መስቀል አደባባይ ለመግባት ፍተሻ አለ፤ መንገዶችም ይዘጋሉ። ስለዚህ በጊዜ፣ በእግርና ያለ ብዙ ጓዝ መሄድ ይበጃል። በዚህ ሰሞን ብዙ የጉራጌ ተወላጆች ለመስቀል ወደ አገራቸው ስለሚሄዱ መርካቶ ጭር ይላል፤ ገበያ አስቀድሞ መጨረስ ነው።

ከመስቀል በኋላ ኢሬቻ ይከተላል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቅዳሜ በአዲስ አበባ ሆራ ፊንፊኔ፣ በማግሥቱ እሑድ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ይከበራል። እርጥብ ሣርና አበባ መያዝ ወጉ ነው።

ለቀሩት ቀናት እንጦጦ አለ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡበት የእንጦጦ ማርያምና በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ እዚያው ተራራ ላይ ናቸው። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥራልና በዝግታ መውጣት፣ ለብርዱም ጋቢ ወይም ሹራብ መያዝ ነው። ዝናብ ከመጣ ብሔራዊ ሙዚየም ገብቶ ስለ ድንቅነሽ መማር ይቻላል። ፒያሳ ላይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም አለ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ግን የሰፈር ደመራን እመርጣለሁ። ከመስቀል አደባባይ የተመለሰ እንግዳ ማታውኑ ያረፈበት ሰፈር ወጥቶ ከሰዉ ጋር ይቁም። እንጨቱን ጎረቤት አዋጥቶ ያቆመዋል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ምሰሶው ወዴት እንደወደቀ አይቶ ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይሰጣል። ጠዋት በአመዱ ግንባር ላይ ምልክት ይደረጋል። የመግቢያ ክፍያ የለውም።

የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ፒያሳን የመሰሉ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደየአቅጣጫው ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱም አምሯል፤ ይህን አልክድም። ደመራ ለማቆም ግን ሰፊ መንገድ ብቻ አይበቃም፤ የሚተዋወቅ ጎረቤት ያስፈልጋል። ስለ መሬት ማስለቀቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ካሣ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች ቆጥሮት ነበር። ሕግ አውጪው ራሱ ጎረቤት ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው። ካሣ ቢከፈልም ግን የተበተነን ሰፈር መልሶ አይሰበስብም።

እንግዳ የሚስብ ከተማ እንፈልጋለን ከተባለ ከፓርኩ ጎን ሰፈሩም ይታሰብ። አበባውን መስከረም በራሱ ጊዜ ያመጣዋል። በየደጁ ችቦ የሚያበራው ግን ነዋሪው ነው።