የአክስቴ ጥርስና የወንጂ ውሃ

ዛሬ ስለ ጥርስ ነው የማወራው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳይምታታባችሁ።

አክስቴ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሠርግ ላይ ፎቶ ስትነሳ እንኳ ከንፈሯን ገጥማ ነው። ጥርሷ ቡናማ ነው። ልጅ ሆኜ ቡና ስለምታበዛ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ላስተረጉምላት አንድ ሮፌ ሺናይም ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ አፏን ገና እንዳየ «ጥርሷን አትቦርሽም እንዴ?» አለኝ። ይህቺን አልተረጎምኳትም። አክስቴ እኮ መፋቂያ ከአፏ የማይለይ ሴት ናት።

ቤት ስንመለስ የት እንዳደገች ጠየቅኳት። ወንጂ ነው። አባቷ ከጎንደር ወርዶ ሸንኮራ እርሻው ላይ ተቀጥሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ።

የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ በ1954 ነው ሥራ ያስጀመረው። ለሠራተኞቹ መንደሮች የመጠጥ ውሃ ከጉድጓድ ይወጣ ነበር። ቦታው ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ውሃው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይድ ያሟሟል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን አንዳንዱ የወንጂ ጉድጓድ ከ10 በላይ ነበረው። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ ይህን የጠጣ ልጅ፣ ጥርሱ ሲበቅል ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ዓመት የጠጡትን ሠራተኞችማ አከርካሪያቸውን ሳይቀር አድርቆባቸዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ስለ ስምጥ ሸለቆው ችግር ጽፈዋል።

ሐኪሞች ራሳቸው ይህን ለማወቅ 30 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ፍሬድሪክ ማኬይ የሚባል ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ሲመጣ የከተማው ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ሰዉ የአሳማ ሥጋ ስለበዛ ነው፣ ወተቱ ስለማይረባ ነው ይል ነበር። (የአሳማ ሥጋውን ለአክስቴ ስነግራት ሳቀች፣ አፏን ይዛ።) ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ መኖሩ የተደረሰበት በ1931 ነው።

እኛም እዚህ ፍሎራይድ ጠጥተን ነው ያደግነው። እስራኤል ጥርስ እንዳይበሰብስ ብላ በ2002 ውሃ ላይ መጨመርን ግዴታ አደረገች፣ በ2014 አቆመች። ግን እሱ በሊትር 1 ሚሊ ግራም ገደማ ነበር፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው።

ሕክምናውስ? ቀለሙ የሚገኘው በጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ በቡርሽ አይለቅም። በሎሚ፣ በአመድ፣ በከሰል መፈተግ ሽፋኑን ይበላዋል እንጂ አያነጣውም። ቀለል ያለውን ሐኪም ላዩን በስሱ ፍቆ፣ ወይም በማንጫ መድኃኒት ያሻሽለዋል። ጠቆር ያለው ላይ ደግሞ ጥርስ የመሰለ ስስ ሽፋን ይለጠፋል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል።

ሌላ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዘናል። በዚህኛው ላይ መጀመሪያ የምናገረው ስለ ወንጂ ነው። አክስቴ «የፊቶቹን አራቱን ብቻ ያድርጉልኝ፣ የኋላዎቹን ማን ያያቸዋል?» ብላለች።