የሚስ ፉለር ቼክ እና የእናቶቻችን ሂሳብ

እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ። ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው፤ ዘመኑም 1933። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ በኋላ እንዳንጣላ።) ባንክ የከሰረበት፣ ሥራ የጠፋበት ጊዜ ነው። ፍራንሲስ ታውንሰንድ የሚባሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከሥራ የወጡ ሐኪም ብዕራቸውን አንስተው ለከተማው ጋዜጣ አንድ ዕቅድ ጻፉ። ዕቅዳቸው እየተስፋፋ ሲሄድ እንዲህ ሆነ፦ ስድሳ ዓመት የሞላው ሁሉ ሥራ ይተው፤ በወር 200 ዶላር ይሰጠው፤ እሱም በ30 ቀን ውስጥ አጥፍቶ ይጨርሰው! የኢኮኖሚ ሊቃውንቱ ሂሳቡ አይሆንም አሉ። ሽማግሌዎቹ ግን በየከተማው ክበብ እያቋቋሙ ተከተሏቸው፤ ጫጫታው ዋሽንግተን ድረስ ተሰማ።

ኦገስት 14 ቀን 1935 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የማኅበራዊ ዋስትናውን ሕግ ፈረሙ። ሁለት መቶ ዶላሩ የለበትም። ቢሆንም ቬርሞንት ውስጥ፣ ሉድሎ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ትዳር ያልያዙ የጠበቃ ቢሮ ፀሐፊ ነበሩ፤ ኢዳ ሜይ ፉለር ይባላሉ። በዚህ ሕግ መሠረት በሦስት ዓመት ውስጥ ከደመወዛቸው ለጡረታ የተቆረጠው ሁሉ ተደምሮ 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 1940 የአገሪቱ የመጀመሪያው ወርኃዊ የጡረታ ቼክ በስማቸው ወጣ፤ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም። ሁለተኛው ቼክ ሲደርስ የከፈሉትን አስመልሰዋል። እሳቸው ደግሞ የሚቸኩሉ ሰው አልነበሩም፤ መቶ ዓመት ኖረው በ1975 እስኪያርፉ ድረስ ከ22,000 ዶላር በላይ ተቀበሉ። እሰይ!

በዚያው ሕግ ውስጥ ግን ብዙ ሰው ያላያት አንቀጽ ነበረች። ለድሃ አዛውንት የሚሰጠው የእርዳታ ገንዘብ በመንግሥት የድሆች ማደሪያ ለሚኖር እንዳይከፈል ከለከለች። ሐሳቧ ደግ ነው፤ እነዚያ ማደሪያዎች የሚፈሩ ቦታዎች ነበሩ። ግን የሚያነሳውና የሚያለብሰው ሰው የሚፈልግ ሽማግሌ ወዴት ይሂድ? እርዳታውን ይዞ ወደ ግል ቤቶች ሄደ፤ አዛውንትን አሳድሮ ማስከፈልም ንግድ ሆነ። የዛሬው ውድ የመጦሪያ ቤት አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአዛውንቱን የሕክምና ዋስትና ሜዲኬርንና የድሃውን ሜዲኬድን ፈረሙ። ሰው ተገላገልን አለ፤ አልተገላገለም። ሜዲኬር ለሕክምና ይከፍላል፤ ከሆስፒታል ለወጣም በነርሲንግ ሆም ቢበዛ እስከ 100 ቀን ያግዛል። ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ ብቻ ከሆነ ግን አይከፍልም። የሚከፍለው ሜዲኬድ ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ስቴት መጀመሪያ ያለህን ጨርሰህ ና ይላል። ቤቱን በልጅ ስም አዙሮ ድሃ መምሰልስ? ያለፉትን 60 ወራት ያገላብጣል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ዕድሜ ልኩን የቆጠበን ሰው ባዶ እስኪሆን የሚያስጠብቅ እርዳታ ግማሽ እርዳታ ነው።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። በግሪን ካርድ ያመጣችኋት እናት ለሜዲኬድ ባብዛኛው አምስት ዓመት ትጠብቃለች። እስከዚያ ከፋዩ ልጅ ነው። ልጁ ደግሞ እናትን መጦር ምርቃት እንጂ ደረሰኝ አያስፈልገውም ብሎ ያምናል። ያስፈልገዋል! ከኑሮዋ ወጪ ከግማሽ በላይ የቻለ ልጅ፣ ለሕክምናዋ ያወጣው ከራሱ ሕክምና ወጪ ጋር ተደምሮ ከገቢው 7.5 በመቶ ካለፈ፣ ወጪዎቹን ዘርዝሮ ትርፉን ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ሊያስቀንስ ይችላል። ብቻዋን መታጠብና መልበስ እንደማትችል በባለሙያ ከተረጋገጠና በእንክብካቤ ዕቅድ ከተያዘ፣ የመጦሪያ ቤቱ ክፍያም ሊገባ ይችላል።

ሌላም አለ። ከ2025 እስከ 2028 ባሉት የታክስ ዓመታት፣ 65 ዓመት ለሞላውና ገቢው ከገደቡ ላላለፈ እስከ 6,000 ዶላር ተጨማሪ ተቀናሽ ተፈቅዷል። ዲሲ ቤት ያለው አዛውንት፣ ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ በታች ከሆነ፣ የንብረት ግብሩ በግማሽ ይቀንስለታል። ሜሪላንድ ደግሞ 60 ዓመት ለሞላው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተከራይ እስከ 1,000 ዶላር ይመልሳል፤ ማመልከቻው በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 መግባት አለበት።