ሹሩባ፦ ከእናት ጉልበት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ቤት

መጋቢት 2011 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ከለንደን አዲስ አበባ ገባ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ከወደቁ በኋላ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠ ፀጉር ነው። ሲመለስ በክብር ተቀባይ ነበረው፣ ዜና ሆነ፣ ስለ ተዘረፈው ቅርስ ሁሉ ክርክር አስነሳ።

አንድ ጥያቄ ግን ብዙም አልተነሣም። ያን ፀጉር ማን ነበር የሚሠራው? ንጉሡ ወደ ኋላ በወረዱ ሦስት ወፋፍራም ሹሩባዎች ይታወቃሉ። በጦር ሰፈር የፀጉር ሳሎን የለም። ሦስቱን መስመር የከፈለ፣ ቅቤ የቀባ፣ የጎነጎነ እጅ ግን ነበረ። የዚያ እጅ ባለቤት ስም በየትኛውም ዜና መዋዕል ጎልቶ አይታይም። የኢትዮጵያ የፀጉር ታሪክ በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ የተሠራለት ሰው ይታወቃል፣ የሠራው ይረሳል።

ፀጉር በቀድሞው ኅብረተሰብ ውስጥ እንደ መታወቂያ ወረቀት ያገለግል ነበር። ቁንጮ ያለው ልጅ መሆኑ ከሩቅ ይለያል። አናቷ ተላጭቶ ዙሪያው የቀረላት ልጃገረድ ሳዱላ ትባላለች፤ ቃሉ ከፀጉር አቆራረጥ አልፎ ያላገባች ልጃገረድ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ስታገባ ፀጉሯ ያድጋል፣ ሹሩባ ትሠራለች። ሐዘን ሲደርስባት ትላጨዋለች። ጎፈሬ የጦረኛ ምልክት ነበር። ከአምስት ዓመቱ የጣሊያን ወረራ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ከዱር የወጡት አርበኞች በፎቶግራፍ ላይ የሚታወቁት በጎፈሬያቸው ነው፤ የራስ አበበ አረጋይ ምስል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እቤት ነው። መሣሪያው ከእንጨት የተጠረበ ሚዶ፣ መስመር ለመክፈል ወስፌ፣ ለመቀባት ለጋ ቅቤ ነው። ቅቤው ላይ የደረቀ አደስ ተፈጭቶ ሲጨመር መዓዛው ይለወጣል። ልጅቱ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጉልበት መካከል ትቀመጣለች፤ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሠራ ክፍያው ቡና ነው። ለጌጥ ብቻም አልነበረም። የተጠቀለለ ፀጉር ከራስ ቅል የሚወጣው ወዝ እስከ ጫፉ አይደርስለትም፣ ስለዚህ ቶሎ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ቅቤው እርጥበቱን ይይዝለታል፤ ሹሩባው ደግሞ በየቀኑ ከመበጠር ያሳርፈዋል። የደጋ ሴቶች ይህን ያወቁት ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከእጃቸው ልምድ ነው።

ታሪኩን አስውቦ መተው ግን ልክ አይሆንም። አማርኛ ፀጉርን ደረጃ ሲያወጣለት ኖሯል። «ዞማ» ውዳሴ ነው፣ «ሉጫ» የምኞት ቃል ነው፣ «ከርዳዳ» ግን ከስድብ አይርቅም። በባርነት ታሪክ ውስጥ የቆዳ ቀለም፣ የአፍንጫ ቅርጽና የፀጉር ዓይነት ሰውን ዝቅ ለማድረጊያ አብረው አገልግለዋል። ስለዚህ «ፀጉራችንን እንድንጠላ ያስተማረን ፈረንጅ ነው» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። ፈረንጅ መሣሪያውን ሳያመጣ በፊት ቃሉ እዚሁ ነበረ።

መሣሪያው ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1786 በስፔን ሥር በነበረችው ሉዊዚያና ገዢው እስቴባን ሚሮ ጥቁር ነፃ ሴቶች ፀጉራቸውን አስጊጠው እንዳይታዩ፣ በሻሽ እንዲሸፍኑ አዘዘ። ሴቶቹ ሻሹን ራሱን ጌጥ አደረጉት። ባርነት ካበቃ በኋላ ሥራ ለማግኘትም ሆነ እንደ ጨዋ ለመቆጠር የለሰለሰ ፀጉር መስፈርት ሆነ፤ በምድጃ የሚግል ማበጠሪያም በየማድ ቤቱ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1867 የተወለደችው ማዳም ሲ ጄ ዎከር ከልብስ አጣቢነት ተነሥታ የፀጉር ቅባት እየሸጠች ፋብሪካ እስከ መገንባት የደረሰችው በዚያ ዘመን ነው። እሷ የምትሸጠው በዋናነት ለራስ ቅል ጤናና ለፀጉር ዕድገት የሚሆን ቅባት ነበር፤ ሺዎች ሴቶችም በወኪልነት ቤት ለቤት እየዞሩ እንጀራ አገኙበት።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኬሚካል ተተካ። የጋለ ማበጠሪያ የሚያለሰልሰው ውኃ እስኪነካው ድረስ ነው። ሪላክሰር ግን ፀጉሩን አጥብቀው የያዙትን የሰልፈር ማያያዣዎች ይሰብራል፤ የለሰለሰው አይመለስም። ከሥር የሚበቅለው ግን እንደ ተፈጥሮው ስለሚመጣ በየሁለት ወሩ ገደማ እንደገና መቀባት ያስፈልጋል። ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ዕቃ የለም።

በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጥቁር ወጣቶች ይህን ሁሉ ትተው ፀጉራቸውን እንደ በቀለ አሳደጉት። የአንጄላ ዴቪስ አፍሮ እ.ኤ.አ. በ1970 በኤፍ ቢ አይ የተፈላጊ ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ በዓለም ታወቀ። የአዲስ አበባ ወጣትም አፍሮን ተቀበለ፤ የዚያ ዘመን የሙዚቃ ሸክላዎች ሽፋን ማስረጃ ነው። የሚገርመው አያቶቹ ጎፈሬ ብለው የሚያውቁት ነገር በባዕድ ስም ተመልሶ መምጣቱ ነው።

የከተማው ሴት በበኩሏ ወደ ሳሎን ሄደች። የሳሎኑ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል፤ ካስክ፣ ቢጎዲን፣ ፎን ሦስቱም ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጡ ናቸው። ቀጥሎ ሪላክሰሩ፣ ከዚያም ሂውማን ሄር መጣ። ሳሎን ለብዙ ሴቶች ሥራ ፈጥሯል፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን አንድ ነገር በዝምታ ተቋረጠ። ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው እውቀት በአንድ ትውልድ ሳሳ። ሹሩባ ለጥምቀትና ለሠርግ የሚሠራ «ባህላዊ» ነገር ሆነ፤ በሥራ ቀን ግን ፀጉር መለስለስ ነበረበት።

ዋጋው በገንዘብ ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ወደ 33,500 ሴቶችን ለ11 ዓመት ያህል የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። ማለስለሻ ኬሚካል ተጠቅመው ከማያውቁት መካከል እስከ 70 ዓመታቸው በማሕፀን ካንሰር ይያዛሉ ተብሎ የተገመተው 1.64 በመቶ ነው። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ በሚጠቀሙት ላይ 4.05 በመቶ ደረሰ። ጥናቱ ግንኙነት አሳየ እንጂ ኬሚካሉ መንሥኤ መሆኑን አላረጋገጠም፤ ቢሆንም ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

አሁን ብዙ ወጣት ሴቶች ፀጉራቸውን ይዘው ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። የሚሠሩትም ውስብስብ አይደለም። ተልባ ቀቅለው ዝልግልጉን በማጥለል ፀጉር ማስያዣ ያደርጋሉ፣ ጉሎ ዘይት ይቀባሉ። ማታ እርጥቡን ፀጉር በሁለት በሁለት ይጠመዝዙና ጠዋት ይፈቱታል። እርጥብ ፀጉር በደረቀበት ቅርጽ ስለሚጸና፣ ሲፈታ የተጠማዘዘ ሞገድ ሆኖ ይቀራል፤ እስኪታጠብም ይቆያል። እሳትም ኬሚካልም የለበትም። ለዚህ ጥበብ አዲስ ስም የሰጠው የስልክ ቪዲዮ ነው፤ አያት ግን ሹሩባዋ ሲፈታ ፀጉሯ ምን እንደሚመስል ታውቅ ነበር።

ቤት ውስጥ መሠራቱ ብቻ ግን ጤና አይሆንም። ከመጠን በላይ የተወጠረ ሹሩባ፣ በተለይ በሕፃን ላይ፣ ከግንባርና ከጆሮ ግንድ ፀጉርን ከሥሩ ይነቅላል፤ ሲደጋገም ተመልሶ ላይበቅል ይችላል። «ታገሺ፣ ውበት ያማል» የሚለው የቆየ ምክር እዚህ ላይ ስሕተት ነው።

ሕጉም እየተከተለ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 ሰውን በተፈጥሮ ፀጉሩና በሹሩባው ምክንያት ከሥራም ሆነ ከትምህርት ቤት ማግለልን ከለከለች፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከተሏት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሹሩባ ተሠርታ ትምህርት ቤት የምትሄድ የኢትዮጵያውያን ልጅ ዛሬ በሕግ የተጠበቀች ናት። አዲስ አበባ ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጅ ሴት ግን ጎፈሬዋን ይዛ ትግባ ወይስ ታለስልሰው ብላ ማመንታቷ አልቀረም።

የንጉሡ ቁንዳላ ለመመለስ 151 ዓመት ፈጅቶበታል። የተቆረጠ ፀጉርን በክብር የተቀበለ ሀገር፣ በሴት ልጁ ራስ ላይ የበቀለውን «ከርዳዳ» ብሎ መጥራቱን ቢተው ወጪ የለውም። ይህ ሥራ የሚጀመረው ሚዶውን የያዘችው እናት ልጇን እየሠራች በምትናገረው ቃል ነው። ሕፃኗ ስለ ፀጉሯ መጀመሪያ የምትሰማው እዚያ ተቀምጣ ነውና።