ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክት ተማሪ ራሱን እንዴት ያቅርብ?

በኢትዮጵያ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ዋናው መመዘኛ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ነው። በአሜሪካ፣ በተለይም ጥቂት ተማሪዎችን ብቻ መርጠው በሚቀበሉ ኮሌጆች፣ አሠራሩ ከዚህ ይለያል። የትምህርት ውጤት ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል፤ ይሁን እንጂ ተማሪው ከክፍል ውጪ ምን እንደሚሠራና ምን ኃላፊነት እንደተሸከመም ይመረመራል።

ከ1 ሺህ በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተሰኘው የጋራ ማመልከቻ ተማሪው እስከ 10 የሚደርሱ ተሳትፎዎችን እንዲዘረዝር ይፈቅዳል። እያንዳንዱ ተሳትፎ በየትኛው የክፍል ደረጃ እንደተከናወነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመትም ስንት ሳምንት እንደወሰደ ይጠየቃል።

ብዙዎች ተሳትፎ ሲባል ክበብ፣ ስፖርትና ሙዚቃ ብቻ ይመስላቸዋል። ቅጹ ግን ለደመወዝ የተሠራ ሥራንና የቤተሰብ ኃላፊነትንም ራሳቸውን ችለው እንዲመዘገቡ ያደርጋል። ስለዚህ ከብት የሚጠብቅ፣ በክረምት ከአባቱ ጋር የሚያርስ፣ ውኃ የምትቀዳና ታናናሾቿን የምታሳድግ፣ ወይም በከተማ ሱቅ የሚሠራ ተማሪ የሚጽፈው አያጣም።

ይህን ሲጽፉ ጥቅል አነጋገር አይበቃም። “ቤተሰቡን ይረዳል” ከማለት “በሳምንት 15 ሰዓት ስድስት ከብቶችን ይጠብቃል፤ ማታ ሁለት ታናናሾቹን ያስጠናል” ማለት ይበልጥ ያስረዳል። የመግለጫው ቦታ በ150 ሆሄያት የተገደበ በመሆኑ ቃላትን መቆጠብ ያሻል። ለዓመታት የተሠራ አንድ ሥራም ለማመልከቻ ሲባል በጥድፊያ ከተሰበሰቡ ብዙ የክበብ አባልነቶች የበለጠ ክብደት አለው።

ከ250 እስከ 650 ቃላት ያሉት ድርሰት ደግሞ የተማሪው የራሱ ድምፅ ነው። ችግርን መዘርዘር ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተማሪው ምን እንዳደረገና ምን እንደተማረ ሊታይ ይገባል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህርም “ጎበዝና ጨዋ ነው” ብሎ ከማለፍ ይልቅ ያየውን አንድ ተጨባጭ ነገር ቢጠቅስ ይመረጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እውነተኝነት ነው። በደላላ የተገዛ የምስክር ወረቀት ወይም ሌላ ሰው የጻፈው ድርሰት ከተደረሰበት የመግቢያ ፈቃዱ ሊሰረዝ፣ ትምህርት ከተጀመረ በኋላም ተማሪው ሊባረር ይችላል።

ወላጆች ደግሞ መቀበል ማለት ወጪው ተሸፈነ ማለት እንዳልሆነ ሊያውቁ ይገባል። ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ወጪ የሚሸፍኑ ኮሌጆች ጥቂት ናቸው፤ ውድድራቸውም ብርቱ ነው። በሬ ወይም መሬት ነክቶ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ኮሌጁ የሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ በጽሑፍ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። የማመልከቻ ክፍያ ለማይችል ተማሪ ብዙ ኮሌጆች ክፍያውን ያነሳሉ።

የሁለተኛ ደረጃ አራቱም ዓመታት ውጤት ስለሚታይ ዝግጅቱ ከ9ኛ ክፍል ቢጀመር ይመረጣል። የብዙ መራጭ ኮሌጆች መደበኛ ማመልከቻ የሚዘጋው በታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ በመሆኑ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርት እንደተከፈተ ከመምህራኑ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።