የስሜት ልፋት

የስሜት ልፋት ማለት ሠራተኛ ሥራው የሚጠይቀውን ስሜት ለማሳየት ሲል የራሱን ስሜት ለመደበቅ ወይም ለመለወጥ የሚያደርገው ጥረት ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ያስተዋወቀችው አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ራስል ሆክሺልድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመው መጽሐፏ የዴልታ አየር መንገድ የበረራ አስተናጋጆችንና የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሥራ አጥንታለች። አስተናጋጇ ፈገግ፣ ዕዳ ሰብሳቢው ኮስተር እንዲል ይጠበቃል። በኢትዮጵያ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱ አስለቃሾችም ከዚህ ብዙ የራቁ አይደሉም።

ሆክሺልድ ሁለት መንገዶችን ለይታለች። የላይ ላዩ ማስመሰል ውስጡ ሳይለወጥ ፊትን ብቻ ማሳመር ነው። በጥልቁ ማስመሰል ግን ሠራተኛው የሚያሳየውን ስሜት በእርግጥ እንዲሰማው ይሞክራል። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች የላይ ላዩን ማስመሰል ከስሜት መዛልና ከሥራ እርካታ ማጣት ጋር አያይዘውታል፤ በጥልቁ ማስመሰል ላይ ግን ግንኙነቱ ደካማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ጫና የሚመጣን መዛል ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መድቦታል።

== በኢትዮጵያ ==

ግልጽ ከሆኑት ምሳሌዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከሚያገለግሉት ማኅበረሰብ የተመረጡና ለአንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ሲሆኑ፣ በመነሻ ዕቅዱ ለአንድ ቀበሌ ጤና ኬላ ሁለት ይመደባሉ። ቤት ለቤት እየዞሩ ያስተምራሉ፣ ይከትባሉ፣ ነፍሰ ጡሮችን ይከታተላሉ። አስተናጋጇ ከአውሮፕላን ስትወርድ ፈገግታዋን ልታወልቅ ትችላለች። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው ሮቢት ባለ ትንሽ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የምትሠራ ሴት ግን ልጇ የሞተባትን እናት በማግስቱ ገበያ ላይ ታገኛታለች።

ጦርነቱ ይህን አክብዶታል። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 የራያ ቆቦ አካባቢ በጦርነቱ ሥር ሲቆይ በሰሜን ወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ቤቷ የተዘረፈባት ወይም ዘመድ የሞተባት ሠራተኛም ሌላውን ማጽናናት ይጠበቅባታል። ወሎ ውስጥ ሰው የሆዱን የሚያወጣው ጎረቤት ቡና ላይ ነው፤ እሷ ግን የታካሚን ምስጢር እዚያ ማውጣት አትችልም። ስለዚህ የሚቀራት በአብዛኛው የጤና ኬላ ባልደረባዋ ናት። ወደ ጤና ጣቢያ የሚላከው ሪፖርት ደግሞ በዋናነት እንደ ተከተቡ ሕፃናትና እንደ ተጎበኙ ቤቶች ያለውን ቁጥር ይጠይቃል።